«መቼት» ውስጥ የተደበቁ ሁለት ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ የገጠመኝን ላውራችሁ።

የእህቴ ልጅ ፈተና ደርሶባታል። ሰባተኛ ክፍል ናት። የምታጠናው አማርኛ ነው፤ በተለይ የሥነ ጽሑፍ ቃላትን። ደብተሯ ላይ ሁሉም ከነትርጉማቸው በቁጥር ተደርድረዋል። ዓይኗን ጨፍና ትሸመድዳለች፦ «መቼት ማለት አንድ ታሪክ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ ነው፣ መቼት ማለት...»

እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚሁ ነበር የሸመደድኩት። ነጥቡንም አግኝቼበታለሁ። ቃሉን ከፈት አድርጌ ያየሁት ግን ካደግኩ በኋላ ነው። መቼ። የት። መቼት! በቃ ይኸው ነው። ሁለት ጥያቄ ተጣብቆ አንድ ቃል ሆኗል። ትርጉሙን መሸምደድ ለምን አስፈለገ? ይህንን ስነግራት ደብተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ «ታዲያ ለምን እንደዚህ አይነግሩንም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ጨዋታ አደረግነው። ቃሉን እንከፍታለን፤ ውስጡ ምን እንዳለ እናያለን። ምልሰት? ውስጡ መመለስ አለ፤ ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልብ ሰቀላ? እሱስ ማስረዳትም አይፈልግ፣ ልባችሁን ሰቅሎ ይተዋችኋል። ሰውኛ? ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው ማድረግ። «እንቅልፍ ጣለኝ» ስንል እንቅልፍ ታግሎ የሚጥል ጉልበተኛ ሆነ ማለት ነው።

ሴራ ላይ ስንደርስ ግን ጨዋታችን ተሰናከለ። ያነበበችውን አጭር ልብ ወለድ ይዤ «የዚህ ታሪክ ሴራው ምንድን ነው?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ማንም አላሴረም እኮ!» አለች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ግን ልጅቷ ምን ታድርግ? ከቤት እስከ ዜና ሴራ ሲባል የምትሰማው ተንኮል ነው።

እንዲህ ብዬ ሞከርኩ። «ውሻው ጠፋ። ልጁ ከጓደኛው ጋር ተጣላ።» ይሄ ሁለት ወሬ ነው። አሁን ደግሞ ይህንን ስሚ፦ «ጓደኛው በሩን ክፍት ትቶት ሄደ። በዚያ ምክንያት ውሻው ጠፋ። በውሻው ምክንያት ተጣሉ።» አሁን አንዱ ሌላውን ጎትቶ አመጣው። «ከዚያስ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ታሪክ ነው፤ «ለምን?» ብለሽ ስትጠይቂ ሴራውን አገኘሽው።

በነገራችን ላይ፣ መማሪያ መጻሕፍት ላይ ያንን የተራራ ሥዕል ታስታውሳላችሁ? ታሪኩ ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ያንን ሥዕል ያስለመደን ጉስታቭ ፍራይታግ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1863። እሱ የተነሣው ግን ከተውኔት ነው፣ ያውም በአምስት ገቢር፣ በአምስት ትልልቅ ክፍል ማለት ነው፣ ከተከፈለው። ስለዚህ ያነበባችሁት አጭር ልብ ወለድ ተራራው ላይ አልገጥም ቢላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ጭብጥን በጣም ነው የምወደው። ውስጡ መጨበጥ አለ። አንብባችሁ ስትጨርሱ እጃችሁ ላይ የቀረው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁሌ አንድ ቃል ብቻ ጽፈው ያልፋሉ። «ጭብጡ ጓደኝነት ነው።» አይደለም፤ ጓደኝነት ርዕሰ ጉዳዩ ነው። ታሪኩ ስለ ጓደኝነት ምን አለ? «ይቅርታ የማያውቅ ጓደኝነት አይዘልቅም» ካለ፣ እሱን ትጨብጣላችሁ። እኔ እንደውም በአንድ ቃል የተመለሰ ጭብጥ ግማሽ ነጥብ እንኳ ባላገኘ ደስ ይለኛል። ጨካኝ አትበሉኝ።

ዘይቤ ላይ ደግሞ ያልጠበቅኩት ጉድ ገጠመኝ። ተነጻጻሪ ዘይቤን የምትለዩት «እንደ» በሚለው ቃል ነው ተብላ ተምራለች። «ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል» ተነጻጻሪ ነው። «ክፍሉ ምድጃ ነው» ካልን ተለዋጭ ዘይቤ ሆነ፤ ክፍሉን ከምድጃ ጋር ማወዳደር ትተን ምድጃ ነው ብለን ደመደምን። እስከዚህ ጥሩ። ልጅቷ ግን ምንባቡ ላይ ያለውን «እንደ» በሙሉ አስምራበታለች። «እንደ መጣ ተኛ» የሚለው ሥርም መስመር አለ! «እንደ ነገርኩህ» ሥርም አለ! እዚያ ምን ከምን ጋር ተነጻጸረ? ምንም። ምልክት ብቻ ሲያስተምሯችሁ የሚመጣው ይሄ ነው። እኔ የምላት፣ «እንደ»ን ስታይ ቆም በይ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካልቆሙ እለፊው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ትልልቆችም የሚሳሳቱት። ታሪኩ «እኔ» እያለ ከተተረከ ተራኪውን ከደራሲው ጋር እናምታታለን። «ደራሲው በልጅነቱ ቤቱ ተቃጥሎበት ነበር» ብላ ጽፋለች። የተቃጠለው የገጸ ባህርይው ቤት ነው! ደራሲው ሲጽፍ ምናልባት ሻይ እየጠጣ ነበር።

በጣም የከበዳት ምጸት ነው። የሚባለው ሌላ፣ የሚፈለገው ሌላ። «ብርጭቆ ስትሰብሪ እናትሽ ‹ጎበዝ! ሌላም አለልሽ› ስትል እኮ እያመሰገነችሽ አይደለም» አልኳት። ሳቀች፣ ግን ፊቷ ላይ እንዳልገባት ያስታውቃል። ተውነው።

ወደ ማታ ላይ እሷ ጠያቂ፣ እኔ ተጠያቂ ሆንን። «ወደፊት የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ ጠቆም የሚያደርግ፣ ምን ይባላል?» እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር የዋልኩት ሰውዬ፣ በሙሉ ልብ «ምልሰት!» አልኩ።

ደብተሯን ዘጋችው። ንግር ነው መልሱ። መናገር አለበት ውስጡ፤ አስቀድሞ መናገር። እኔው ነኝ ያስተማርኳት።

«አጎቴ» አለችኝ፣ «በጣም ጎበዝ አስተማሪ ነህ።»

«ይሄ ምጸት ነው» አልኳት።

«እሱንስ አወቅከው» ብላኝ ወጣች።