ሦስተኛዋ ጠርሙስ፦ በወይን ጠጅ ነጋዴዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ምልዓተ ጉባኤው ዘንድሮም ከስንት ጥበቃ በኋላ ሞልቷል። የዓመቱ ሪፖርት በእጃችሁ ስለሆነ አላነበውም። የቅምሻ ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ የሽያጭ ውል ቅጹ ታርሞ ታትሟል፣ ሒሳቡ ተመርምሯል። ለደከማችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ወዳነታረከን ነገር ልግባ፤ የወይን ጠጃችንን ናሙና በጋራ ለማስመርመር የምንከፍለው መዋጮ። ባለፈው ጉባኤ እጃችንን አውጥተን ያጸደቅነው እኛው ነን። ገንዘቡ ሲጠየቅ ግን አብዛኛው አባል ጠፋ። የሚመጣውም መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «አቅራቢዬ የምርመራ ወረቀት ይሰጠኛል፤ ደግሞ ሌላ ምርመራ ለምኔ?»

ወረቀት የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በኦስትሪያ ወይን ጠጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የምዕራብ ጀርመን ገዢዎች ዘግይቶ ከተለቀመና ስኳሩ ከበዛ ፍሬ የሚሠራውን ጣፋጭ ወይን ጠጅ በብዛትና በርካሽ ይፈልጉ ነበር። ፍሬው በደንብ ባልበሰለበት ዓመት ደግሞ ውሉን በሐቅ መሙላት አይቻልም። ስኳር ብቻ ቢጨምሩ ጣዕሙ ይጣፍጣል እንጂ ወይን ጠጁ አይወፍርም፤ መርማሪውም ይነቃል። አንዳንድ አምራቾች የጨመሩት ዳይኤትሊን ግላይኮል የተባለ መርዛማ ኬሚካል ግን ይጣፍጣል፣ ያወፍራል፣ ወይን ጠጁ ሲተን የሚቀረውንም ዝቃጭ በሚዛን ላይ ከፍ ያደርጋል። በዚያ ጊዜ የተለመደው ምርመራ ይህን ኬሚካል አይፈልግም ነበር፤ ያልተፈለገ ነገር ደግሞ አይገኝም።

ጁላይ 9 ቀን 1985 የምዕራብ ጀርመን ጤና ሚኒስቴር የኦስትሪያን ወይን ጠጅ እንዳይጠጡ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። በአንድ የ1981 ምርት ውስጥ በሊትር 48 ግራም ግላይኮል ተገኘ፤ ይህ መጠን ሰው ሊገድል ይችላል። በዚህ ሳቢያ ሞተ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ግን የለም። ጋዜጦች «የመኪና ፀረ በረዶ» አሉት። ራዲያተር ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው የእሱ ዘመድ ኤትሊን ግላይኮል ቢሆንም ስሙ ተጣብቆ ቀረ፤ ገበያ ደግሞ የሚሰማው ስም ነው። ጃፓን ውስጥ ኦስትሪያንና አውስትራሊያን ያምታቱ ሰዎች ምንም ያላጠፋውን የአውስትራሊያ ወይን ጠጅ ከመደርደሪያ አውርደዋል።

ጀርመን ውስጥ 27 ሚሊዮን ሊትር፣ ማለትም 36 ሚሊዮን ጠርሙስ ያህል ተወገደ። የኦስትሪያ የውጭ ሽያጭ ወደ አንድ ዐሥረኛ ወርዶ ወደ ቀድሞው መጠን ለመመለስ 15 ዓመት ገደማ ፈጀበት። ግላይኮል በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅ የሚሠራ ገበሬም እኩል ተመታ። እዚህ «እኔን አይመለከተኝም» የሚል ካለ ይህን ያስብ።

በዓመቱ ጣሊያን ተከተለች። አንዳንድ አምራቾች የአልኮሉን ዲግሪ በርካሽ ለማሳደግ ሜታኖል የተባለውን መርዛማ አልኮል ወይን ጠጁ ውስጥ ጨመሩና 23 ሰዎች ሞቱ፤ ዓይናቸው የጠፋም አሉ። የጣሊያን የውጭ ሽያጭም በዚያው ዓመት ክፉኛ ወረደ። ከዲግሪ በቀር ምንም የማያሳይ ወረቀት ይዛችሁ የምትመጡ ይህን ስሙ፤ ዲግሪው የሚለካው በጥግግት ነው፣ የሜታኖልና የወይን ጠጅ ዋና አልኮል የሆነው የኤታኖል ጥግግት ደግሞ እጅግ የተቀራረበ ነው። መለኪያው ሁለቱን አይለይም፤ የሚለየው ጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም የተቀላቀሉትን ነጣጥሎ የሚለካው የላቦራቶሪ ዘዴ ነው። የዓለም አቀፉ የወይን ድርጅት የሜታኖል ጣሪያ ለቀይ በሊትር 400 ሚሊ ግራም፣ ለነጭና ለሮዝ 250 ነው፤ ቁጥሩ ወረቀታችሁ ላይ ካልተጻፈ አልተመረመረም ማለት ነው። የተጨመረ ውኃና የሸንኮራ ስኳር የሚያጋልጠው፣ በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞችን የሚለካው የአይሶቶፕ ምርመራማ ውድ ስለሆነ ነው መዋጮው ያስፈለገው፤ አንድ ነጋዴ ለብቻው አይችለውም።

ናሙና አወሳሰዱም ያሳፍራል። ታንከሩ ከመራገፉ በፊት ከላይ፣ ከመካከልና ከታች እኩል ይቀዳል፣ ይቀላቀላል፣ በሦስት ጠርሙስ እስከ አንገቱ ይሞላል። ቡሹ በሰም ይታሸጋል፤ ሻጩና ገዢው ይፈርሙበታል፤ የታንከሩ ቁጥር፣ ቀኑና ሊትሩ ይጻፍበታል። አንዷ ለሻጭ፣ አንዷ ለላቦራቶሪ፤ ሦስተኛዋ ምርቱ ተሸጦ እስኪያልቅ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ እኛ ዘንድ ትቀመጣለች። ዘንድሮ የደረሱን ግን ከቧንቧው የመጀመሪያ ፍሳሽ የተቀዱ ናቸው፤ ቧንቧ ውስጥ የቀረ የእጥበት ውኃ አለባቸው። ግማሽ ድረስ የተሞሉም ነበሩ፤ አየሩ አበላሽቷቸዋል። ፊርማ የሌላቸውማ አይቆጠሩም። ክርክር ሲነሣ ሻጩ «የኔ ወይን ጠጅ አይደለም» ቢል ምን ትመልሱለታላችሁ? እውነቱን ነው እኮ!

ላቦራቶሪ የማያስፈልገው ምርመራም አለ፤ የሊትር መዝገብ። በኛ ሥራ በአተላ፣ በማጣሪያና በሙሌት ይጎድላል እንጂ አይበዛም። ከ10,000 ሊትር 13,400 ጠርሙስ ወጣ የሚል መዝገብ ካያችሁ በአንድ ጠርሙስ ልክ፣ በ0.75 ሊትር አባዙት፤ 10,050 ሊትር ይሆናል። ትርፉ 50 ሊትር ከየት መጣ? በትክክል የሚይዙ አባላት አሉን፤ ኮርተንባቸዋል። ዛሬም ከፊት ወንበር ላይ ያሉት እነሱው ናቸው። ልነግራቸው የፈለግኋቸው ግን አልመጡም። ወንበራቸው ባዶ ነው፤ የማኅበሩ ማኅተም ግን በየጠርሙሳቸው ላይ ተለጥፏል።

የመዋጮ ቅጹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አለ። ስትወጡ ላልመጡትም ያዙላቸው፤ ስልካችንን ባያነሡ የእናንተን በር አይዘጉም። ወደ መጀመሪያው አጀንዳ እናልፋለን፦ መዋጮ ያልከፈለ አባል በማኅተማችን መሸጡን ይቀጥል ወይስ ይታገድ? ጸሐፊው ድምፅ ይቆጥራሉ።