አቦል ሳይቀዳ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሁንም በርጩማዬ ላይ ነኝ፤ ወንበር ግዛ የምትሉኝ ሰዎች ተስፋ አትቁረጡ። ባለፈው ክፍል ምክር ሊጠይቀኝ ስለመጣ አንድ ተማሪ ልጅ ጀምሬ አቋርጬው ነበር፤ ዛሬ ልጨርሰው እሞክራለሁ።

10ኛ ክፍልን እንዳጠናቀቀ የመስክ መምረጫ ቅጹን አራት ቦታ አጥፎ ይዞልኝ መጣና በጉልበቱ ላይ እያፍታታ፣ «ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለኝ። «ተፈጥሮ ሳይንስ ነዋ!» አልኩት፤ አቦሉ እንኳ አልተቀዳም ነበር። ምልክቱን አደረገና አመሰገነኝ። ሲጽፍ ጣቶቹን አይቻለሁ፤ ከአባቱ ጋር የዋንዛ በርጩማ ሲያለሰልስ ስለሚውል ቫርኒሹ ጥፍሩ ሥር ደርቆ ነበር። አይቼ ግን ምንም አልጠየቅሁትም።

በእኛ ጊዜ በትምህርት ቤታችን «የምክር አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ክፍል ጠመኔና የተሰበረ ወንበር ይቀመጥበት ነበርና፣ ምክር ማለት አንድ ትልቅ ሰው የሚሰጠው ፈጣን መልስ ይመስለኝ ነበር። ይህ ግን ሰበብ ነው። እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል አውቀዋለሁ፤ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው በተመሠረተው ዩኒቨርሲቲያችን በር ዘወትር አልፋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ይህን ልጅ ይዤ ገብቼ፣ እዚያ የሚሠራ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲያደርግ እንደሚውል አላሳየሁትም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲወሰድ እርሱም ከተፈታኞቹ አንዱ ነበር። ከመላው አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ እርሱ ከእነርሱ መካከል አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል ስል ደግሞ ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 6.8 በመቶ ሲያልፉ ከማኅበራዊ ሳይንስ ግን 1.3 በመቶ ብቻ ማለፋቸው ትዝ ይለኛል። ታዲያ ምክሬ ትክክል ነበር ማለት ነው? እንዲህ ማሰቡ ራሱ ያሳፍረኛል፤ እኔ የመለስኩት ስለ መስኩ እንጂ ስለ ልጁ አልነበረምና።

ባለፈው ሳምንት በጅማው መርካቶ አካባቢ በርጩማዎች በገመድ አስሮ ተሸክሞ ሲያልፍ አየሁት። ከሸክሙ ሥር አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ፤ ደስተኛ ይመስል ነበር፣ ወይም እኔ እንዲመስለኝ ፈልጌ ይሆናል። ይህን ሥራ ትወደዋለህ ወይ ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገር ግን ሸክሙ ከብዶት…