የጥረዛ ክፍል ሴቶች ስም ይጻፍ

እንደምን ዋላችሁ! የለቀማ፣ የማሽን፣ የጥረዛ ባልደረቦቼ፣ አለቆቻችንም፣ እንኳን ለማርች 8 አደረሳችሁ።

ስለ ሴቶች ሥራ ባጭሩ ተናገሪ ተብዬ ነው የመጣሁት። እሺ። ግን መጀመሪያ የሆዴን ልናገር። ማተሚያ ቤታችን የምስረታ በዓሉን ሲያከብር ያወጣውን መጽሔት ሁላችሁም አይታችኋል። ሥራ አስኪያጆቹ ከነፎቶአቸው አሉ። የማሽን ኃላፊዎቹ አሉ። ሹፌሮቹ ሳይቀሩ በስም ተጠርተዋል፤ ይገባቸዋልም። እኛስ? አንድ ፎቶ ስር «ሴት ሠራተኞች በሥራ ላይ» ይላል። በቃ! ያንኑ መጽሔት ማን አጠፈው? ገጹን በተራ ማን ደረበው? ማን ሰፋው?

የትምህርት ቤት መክፈቻ ሲደርስ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ትልልቁ ወረቀት ከማሽን ይወጣል፣ በማስመሪያ ጠርዝ እየተጫንን እናጥፈዋለን፣ ከዚያ ረጅሙን ጠረጴዛ እየዞርን ከየክምሩ አንድ አንድ እያነሳን በተራ እንደርበዋለን። ሲመሽም እንዞራለን። ወረቀት እንደ ምላጭ ነው። ደም የነካው ገጽ ስለሚጣል ጣታችንን በፕላስተር ጠቅልለን ነበር የምንሠራው። አንድ ገጽ ከተገለበጠ ጥፋቱ የኛ ነው፣ መጽሐፉ ካማረ ግን የማተሚያ ቤቱ። ይሄን ሥራ ነው «እገዛ» ሲሉት የኖሩት!

ከ500 ዓመት በፊት እንኳ ከዚህ የተሻለ ያደረገች ሴት አለች። ጣሊያን፣ ማንቱዋ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1470ዎቹ፣ ኤስቴሊና ኮናት የምትባል አይሁዳዊት ከባሏ ጋር የዕብራይስጥ መጻሕፍት ታትም ነበር። አንዱን መጽሐፍ ራሷ እንደሠራችው መጨረሻው ላይ ስሟን ጽፋ አስታወቀች። ደግሞ ያገዛትን ወጣት ልጅ አልረሳችውም፣ ስሙንም አገሩንም ጻፈችለት። ያገዘ ሰው ስም እንዲህ ነው የሚጻፈው።

አሜሪካዊቷን ሜሪ ካትሪን ጎዳርድንም ልንገራችሁ፣ የሷ ነገር ያንገበግበኛል። ባልቲሞር ላይ የወንድሟን ማተሚያ ቤትና ጋዜጣ የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። የፖስታ ቤቱም ኃላፊ ናት። የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ መጀመሪያ በ1776 ሲታተም የፈራሚዎቹ ሁሉ ስም አልወጣም ነበር። በጥር 1777 ግን የአሜሪካ ምክር ቤት ከነስማቸው ይታተም አለ፣ ሥራውም ለሷ ተሰጠ። እንግዲህ ጦርነት ነው። እንግሊዞች ካሸነፉ እዚያ ወረቀት ላይ ያለ ስም ሁሉ የከሃዲ ስም ነው። ሌላ ጊዜ «ኤም. ኬ. ጎዳርድ» ብላ በምህጻር የምታልፈው ሴት፣ ያን ቀን ግርጌው ላይ ሙሉ ስሟን አሳረፈች።

ምን ተደረገላት? በ1789 ከፖስታ ቤቱ አነሷት። ሥራው ብዙ ጉዞ ስላለው ለሴት አይሆንም ተባለ። 14 ዓመት ስትሠራው የት ነበሩ? ከ200 በላይ የከተማው ሰዎች ፈርመው አቤት አሉላት፣ እሷም ለፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ጻፈች። ጣልቃ አልገባም አሏት። መጽሐፍ እየሸጠች ኖረች።

ለንደን ደግሞ በ1860 ኤሚሊ ፌይዝፉል ሴቶችን ፊደል ለቀማ፣ ማለትም የብረት ፊደል ከሳጥን እያነሱ መደርደር፣ አስተምራ ማተሚያ ቤት ከፈተች። ወንዶቹ ለቃሚዎች ምን አደረጉ? የሴቶቹ ቀሚስ እንዲበላሽ መቀመጫቸውን ቀለም ቀቡት፣ በየሳጥኑ የተለየውን ፊደል ደባለቁት። የለቀማ ሰዎች፣ የተደባለቀ ሳጥን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም! ሴቶቹ ግን ለይተው፣ ለቅመው፣ አተሙ።

ስለ ወገብ ሕመምና ስለ ጡረታ አበልም ልናገር አስቤ ነበር፤ ማኅበሩ ይዞታል፣ ይጨርሰው።

የኔ ጥያቄ አንድ ነው። አለቆቻችን፣ ስማቸው አልተገኘም እንዳትሉን። መዝገቡ አለ። ደሞዝ የወሰድነው እየፈረምን ነው፣ መጻፍ የማይችሉትም በጣታቸው። ያን መዝገብ አውጡ። መጽሔቱ እንደገና ሲታተም የጥረዛ ክፍል ሴቶች ከነአባታቸው ስም ይግቡ፣ ያረፉትም ጭምር። ማን የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደነበረች ከጠፋችሁ፣ እኔና እዚህ ፊት የተቀመጡት እህቶቼ መጥተን እናስጽፋለን። ቀኑን ብቻ ንገሩን።

አመሰግናለሁ።