ኮሮጆው አጠገብ እንቀመጥ
(በአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አባላት የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከሥራ መልስ አረፍ ሳትሉ እዚህ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ስለ ምርጫ ነው። ማንን ምረጡ ልላችሁ አልመጣሁም። ብላችሁም አትሰሙኝም።

ስለ ምርጫ ሳነሳ ብዙ ጊዜ የሚመለስልኝ መልስ አንድ ነው፤ «ተወው ባክህ፣ ያለቀ ነገር ነው»። እንዲህ በሚል ሰው አልፈርድም። ከየት እንደመጣን እናውቃለን። በ1997 ዓ.ም. ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ቅንጅት ወሰደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች አሉ። በ2002 ገዢው ፓርቲ ከነአጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዘ። በ2007 ለተቃዋሚ አንዲትም አልተረፈች። ይህን አይቶ ያደገ ሰው «ኮሮጆ» ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለው «ተገለበጠ» የሚለው ቃል ነው።

በእኔ አስተያየት ይህ ጥርጣሬ ጥሩ ነው። እንዲያውም ምርጫ የሚጠበቀው በሚጠራጠሩ ሰዎች ነው። የሚያናድደኝ ጥርጣሬያችንን ይዘን ቤት መቅረታችን ነው። የሚጠራጠር ሰው እኮ ሄዶ ማየት አለበት።

እስቲ እዚሁ ቨርጂኒያ የሆነ ነገር ላጫውታችሁ። ጊዜው በፈረንጆቹ 2017 ነው። ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ላይ ለክልሉ ምክር ቤት ሁለት ሰዎች ይወዳደራሉ። አንዱ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ፣ ሌላዋ ዴሞክራቷ ሼሊ ሲመንስ። መጀመሪያ ያንሲ በጥቂት ድምፅ መሩ። ዲሴምበር ላይ ድጋሚ ሲቆጠር ሲመንስ በአንድ ድምፅ አሸነፉ። 11,608 ለ11,607። በማግስቱ ጉዳዩ ሦስት ዳኞች ፊት ቀረበ። አንዲት ወረቀት አከራክራ ነበር። መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሮ፣ ከዚያ አንዱ ላይ ሰረዝ ጫር አድርጎበታል። ዳኞቹ ወረቀቷን አገላብጠው አይተው «ይህ ሰው የመረጠው ያንሲን ነው» አሉ። በቃ፣ እኩል ለእኩል ሆነ።

ሕጉ እኩል ከወጣ ዕጣ ይጣል ይላል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ፣ ካሜራ ተደርድሮ፣ ስማቸው ተጽፎ በፊልም ማስቀመጫ ዕቃዎች ገባና ሳህን ውስጥ ተጨመረ። ዕጣው ለያንሲ ወጣ። እኛ በዕቁብ ያደግን፣ ግማሾቻችንም በዲቪ የመጣን ሰዎች በዕጣ አንገረምም። በ545 መቀመጫ ማሸነፍ የለመደ ጆሮ ግን 11,608 ለ11,608 ሲባል መደንገጡ አይቀርም።

ያቺ አንዲት መቀመጫ ተራ መቀመጫ አልነበረችም። ምክር ቤቱ ከምርጫው በፊት 66 ሪፐብሊካን ለ34 ዴሞክራት ነበር። በዕጣው ምክንያት 51 ለ49 ሆኖ ቀረ። ዕጣው ለሲመንስ ወጥቶ ቢሆን 50 ለ50 ይሆን ነበር። ከ66 ወደ 51 መውረዱ ምን እንዳመጣ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ታውቁታላችሁ። ለዓመታት እምቢ ሲባል የኖረው የሜዲኬድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን፣ ማስፋፊያ በዚያው ዓመት፣ በ2018፣ አለፈ። ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ መድን ያልነበራቸው ብዙ ሰዎች ካርድ ያዙ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሳይኖሩ አይቀሩም።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ ግን ሌላ ነው። ከወራት በኋላ ዋሽንግተን ፖስት አጣርቶ እንደዘገበው፣ እዚያው ከተማ 26 ሰዎች የሌላ ወረዳ የምርጫ ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር። ማንም ኮሮጆ አልገለበጠም። የተሳሳተው አድራሻ ነው። መዝገብ ላይ በተሳሳተ ወረዳ ተመድበው ነበር። በአንድ ድምፅ የሚወሰን ምርጫ ላይ 26 ሰው!

ስለዚህ ቤት ቀይራችሁ አድራሻችሁን ያላሳደሳችሁ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጥታችሁ አስተካክሉ። ከአርሊንግተን ወደ ውድብሪጅ ከሄዳችሁ የምትመርጡት ሰውም ተቀይሯል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ እባካችሁ አትመዝገቡ፣ አትምረጡ። ዲኤምቪ፣ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ፣ ስትሄዱ «ዜጋ ነህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ቸኩላችሁ «አዎ» እንዳትሉ። በዚህ ምክንያት ዜግነት ሊከለከል፣ ከሀገርም መባረር ሊመጣ ይችላል። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

ዜጋ የሆናችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ የምትፈሩት እንግሊዝኛውን እንደሆነ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ በቋንቋ ጉዳይ አማርኛን አያውቀውም። በፈረንጆቹ 1975 ሲሻሻል የዘረዘረው ስፓኒሽን፣ የእስያን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካን ቋንቋዎች ነው። ፌርፋክስ ላይ በስፓኒሽና በቬትናምኛ ታገኛላችሁ፣ አማርኛ ግን ግዴታ አይደለም። ወንዙን ተሻግራችሁ ዲሲ ስትገቡ ከፈረንጆቹ 2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ ስላላት የምርጫ መረጃ በአማርኛ አለ። እኛም ጠይቀን የማናገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ግን ሌላ መብት አለ። ማንበብ ያስቸገረው መራጭ የሚረዳውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። ልጃችሁ፣ ጎረቤታችሁ፣ የፈለጋችሁት ሰው። አሠሪያችሁና የሠራተኛ ማኅበራችሁ ተወካይ ብቻ አይሆኑም። በር ላይ «ብቻዎትን ነው የሚገቡት» የሚል ካጋጠማችሁ፣ በትሕትና ኃላፊውን አስጠሩ። ስማችሁ መዝገብ ላይ ጠፋ ቢባልም ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ጊዜያዊ የድምፅ ወረቀት ስጡኝ በሉ፤ ኋላ ተጣርቶ ይወሰናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። እኔ በምርጫ ቀን ጣቢያ ላይ እሠራለሁ። ጠዋት 5 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ገና ሳይነጋ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ እንገናኛለን። አንዷ ባልደረባዬ ዶናት ታመጣለች። ምናልባት ከእኔ ጋር በምንም ፖለቲካ አንስማማም፤ ሕጉም የሁለቱም ፓርቲ ሰው እንዲኖር ይፈልጋል። በሩ ከመከፈቱ በፊት የቆጠራ ማሽኑ ረጅም ደረሰኝ የመሰለ ወረቀት ያወጣል። በእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም ፊት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይላል። አንድ በአንድ አይተን እንፈርማለን። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጣቴን እያስኬድኩ ሁለቴ ቆጠርኩት፤ ያገሬ ልማድ ነው።

ማታ 7 ሰዓት ሲሆን ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ መርጦ ይወጣል። ከዚያ ይዘጋል። የመጣው ሰው ቁጥርና የገባው ወረቀት ቁጥር ይመሳከራል። አንድ ቢጎድል ወደ ቤት የሚሄድ የለም። ቁጭ ብለን እንፈልጋለን። ውጤቱ ላይ ሁላችንም እንፈርማለን። ወረቀቱ ታሽጎ ይቀመጣል። ኒውፖርት ኒውስ ላይ ዳኞች ያቺን የተጫረች ወረቀት ሊያዩ የቻሉት ወረቀት ስለነበረች ነው። ቨርጂኒያ ከዚያ ምርጫ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ወረቀት የሌላቸውን የንክኪ ማሽኖች ከልክላ ነበር።

ይህ ሥርዓት እንከን የለውም አልልም። የተሳሳተ አድራሻ አይተናል፣ ወረዳ ለአንድ ወገን እንዲመች ተደርጎ ሲቆረጥም አይተናል። ግን ጣቢያው ላይ የሚሠሩት ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፣ ሰው ያጥራቸዋል። አማርኛ የሚናገር ሰው ደግሞ በጣም ይጎድላል። አንድ እናት በር ላይ ግራ ገብቷቸው ሲቆሙ «እማማ፣ ይግቡ፣ እዚህ ጋ ነው» የሚላቸው ሰው ቢኖር አስቡት።

መሥፈርቱ ቀላል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የተመዘገበ መራጭ መሆን፣ አጭር ሥልጠና መውሰድ፣ በቃ። የቀን አበልም አለው። ሀብታም አያደርግም፣ የዶናቷን ግን ይሸፍናል።

ማመልከቻው በስተኋላ፣ ቡናው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔም እዚያው እሆናለሁ፤ መሙላት የከበዳችሁ አብረን እንሞላለን። አድራሻ የሚቀይር ካለም ስልኩን ይዞ ይምጣ። አመሰግናለሁ።