ወንበር ይዘን፣ ወንበር ይዞን
(ሐዋሳ፣ በዓመታዊ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፤

አስተባባሪዎቹ «ሥራ የሚበዛበት ሰው ጤናውን እንዴት ይጠብቅ?» በሚል ርዕስ እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ሐኪም ያልሆነውንና ቀበቶው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ የደረሰበትን ሰው መምረጣቸው ገርሞኝ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ፤ ከእኔ የባሰ ምሳሌ አላገኙም።

ነባሮቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ ተቀጥሬ ስመጣ መጓጓዣዬ ብስክሌት ነበረች። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ በመሆኗ ከታቦር ክፍለ ከተማ ተነሥቼ ቢሮ እስክደርስ ላብ እንኳ ጠብ አይለኝም ነበር። የክፍል ኃላፊ ሆኜ በተሾምኩ ማግስት እንደ ልማዴ ብስክሌቴን እየገፋሁ በበሩ ስገባ፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉት የጥበቃ ሠራተኛችን «ልጄ፣ ሹመቱ ቀረ እንዴ?» አሉኝ። በቀልድ ነበር፤ እኔ ግን አፈርኩ። በዚያው ሳምንት ብስክሌቷን ጓሮ አስቀመጥኳት፤ ሰንሰለቷ ዝጎ ለዓመታት ዶሮ ሰፈረባት።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ጠዋት ሰርቪስ፣ ቀን ወንበር፣ ማታ ሰርቪስ ሆነ። ሰኔ 30 በደረሰ ቁጥር ሂሳብ ለመዝጋት እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ስናመሽ፣ እራታችን በላስቲክ የመጣ ሳምቡሳና ለስላሳ ነው። ባለፈው ዓመት ባለቤቴን ለማሳከም ጤና ጣቢያ ሄጄ ሳለ፣ ነርሷ «እርስዎም እስኪ ይለኩ» ብላ ክንዴን ጠቀለለችው። መሣሪያው 170 በ105 አለ። «ሮጠው ነው እንዴ የመጡት?» ብላ ስትጠይቀኝ ባለቤቴ ቀድማኝ «እሱ? ከተሾመ ወዲህ ሮጦ አያውቅም» አለቻት። ልኬቱ በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት በሽታ እንደሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜም ምንም ምልክት ሳያሳይ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን እንደሚጎዳ የተረዳሁት እዚያው ነው።

የመጣሁት ግን ስለ ግፊቴ ላወራ አይደለም። አለመንቀሳቀስን የክብር ምልክት፣ ማምሸትን የታታሪነት ማስረጃ ያደረግነው እኛው ነን! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ታዲያ በምሳ ሰዓታችን ስብሰባ የሚጠራው በየትኛው አንቀጽ ነው? የዓመት ዕረፍቱን የጠየቀ ሠራተኛስ «አሁን ጊዜው ነው?» ተብሎ የሚገላመጠው በየትኛው ሕግ ነው? እኔም ገላምጫለሁ፤ የገላመጥኳቸው እዚሁ ተቀምጠዋልና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ 10 ደቂቃ ካልሞላ አይቆጠርም የሚለው የቀድሞ ምክርም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው መመሪያ ቀርቷል፤ ስለዚህ ደረጃ መውጣቱም፣ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል በእግር መሄዱም ይቆጠራል። ጨው መቀነስን በተመለከተ የቤቴ አለቃ ከእኔ የተሻለ ታስረዳችኋለች።

ብስክሌቷን ዶሮዎቹን አስነሥቼ ለጠጋኝ ሰጥቻታለሁ፤ ሰኞ በእሷ እመጣለሁ። የማቆምበት ቦታ ግን በግቢያችን የለም። ከመኪና ማቆሚያው የሁለት መኪና ቦታ ለብስክሌት እንዲከለልልን፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓትም ስብሰባ እንዳይጠራ ሥራ አስኪያጃችንን በሁላችሁም ፊት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።