ዋናው መስመር ስንት ካሬ ይሁን? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የቤት ኤሌክትሪክ አቅም ሲያድግ ከቆጣሪው እስከ ማከፋፈያው ሳጥን የሚዘረጋው ገመድ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት አድማጮች በስልክ ያቀረቧቸው ጥያቄዎችና የኤሌክትሪክ መሐንዲሳችን የሰጡት መልስ ከዚህ በታች ቀርቧል።

ጥያቄ፦ የቤቴ ዋና ብሬከር 40 አምፔር፣ ገመዱ ደግሞ የመዳብ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ካስገባሁ ወዲህ ብሬከሩ በየምሽቱ ይወርድብኛል። አንድ ሠራተኛ «ብሬከሩን ብቻ ወደ 63 ይቀይሩት፣ ይገላገላሉ» ብሎኛል። ልቀበለው?

መልስ፦ እባክዎ አይቀበሉት። ብሬከሩ የሚወርደው ተበላሽቶ ሳይሆን ገመዱን እየጠበቀ ስለሆነ፣ ገመዱን ሳይነኩ ብሬከሩን በትልቅ መተካት ጠባቂውን ከቦታው ማንሣት ነው። የፒቪሲ ሽፋን ያለው ባለ 6 የመዳብ ገመድ በነጠላ ፌዝ፣ በግድግዳ ላይ በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ፣ የአካባቢው ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የዝርጋታ ደረጃ የሚፈቅድለት 41 አምፔር ነው። በዚህ ገመድ 60 አምፔር ቢያልፍ ባለ 63ቱ ብሬከር ከመጠኑ በታች ስለሆነበት ሌሊቱን ሙሉ አይወርድም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለው ብሬከር 71 አምፔር ገደማ ቢጫንበት እንኳ ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ እንዲቆይ ሆኖ የተሠራ ነው። በገመዱ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ከፍሰቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍሰቱ ከ41 ወደ 60 አምፔር ሲወጣ ሙቀቱ ከእጥፍ ይበልጣል። ሽፋኑ ዘወትር እንዲችለው የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ስለሆነ፣ ከዚያ ሲያልፍ እየደረቀና እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ዓይን በማያየው ቱቦ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ በመጀመሪያ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ዕቃዎች የሚወስዱት አምፔር ይሰላል፤ ከዚያ ከእርሱ የማያንስ ብሬከር ይመረጣል፤ በመጨረሻም ብሬከሩ ከሚፈቅደው በላይ መሸከም የሚችል ገመድ ይዘረጋል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። በ230 ቮልት የሚሠራ 6 ኪሎዋት ምድጃ 26 አምፔር፣ 2.5 ኪሎዋት የውሃ ማሞቂያ ደግሞ 11 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሁለቱ ብቻ 37 አምፔር ስለሚሞሉ፣ መብራቱና ሌላው ዕቃ ሲጨመር ባለ 40ው መውረዱ የሚጠበቅ ነበር። ወደ 63 ማደግ የግድ ከሆነ ባለ 10 ገመድ አይበቃም፤ በዚያው ሁኔታ የሚሸከመው 57 አምፔር ነው። ባለ 16 ግን 76 አምፔር ስለሚችል ከ63ቱ ብሬከር ጋር ይስማማል።

ጥያቄ፦ ቆጣሪው ከቤቴ 45 ሜትር ይርቃል። ከፍተኛው ፍጆታዬ 50 አምፔር ነው። ያው ባለ 16 አይበቃኝም?

መልስ፦ በመሸከም አቅሙ ይበቃል፤ በርቀቱ ምክንያት ግን እኔ ባለ 25ን እመርጥልዎታለሁ። ፍሰቱ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ የሚታሰበው ርዝመት 45 ሳይሆን 90 ሜትር ነው። የጋለ መዳብ በአንድ ሜትር ርዝመትና በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት 0.0225 ኦም ያህል ተቃውሞ ስላለው፣ 90ን በ50 እና በ0.0225 አባዝተን ለ16 ስናካፍል 6.3 ቮልት በመንገድ ላይ እንደሚቀር እናገኛለን። ይህም ከ230 ቮልት 2.7 በመቶ ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ ከመነሻው እስከ ዕቃው ድረስ የሚመክረው ወሰን ለመብራት 3 በመቶ፣ ለሌላው 5 በመቶ ስለሆነ፣ ዋናው መስመር ብቻውን ይህን ያህል ከበላ ከማከፋፈያው ሳጥን እስከ አምፖሉ ላለው ሽቦ የሚቀረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በባለ 25 ሲሰላ ግን የሚጠፋው 4 ቮልት ነው። ባለ 10 ቢዘረጋ ደግሞ ከ10 ቮልት በላይ ይጠፋል።

የሚዘረጋበትን ቦታም ሳይጠይቁ አይለፉ። ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው አምፔሮች ለ30 ዲግሪ ናቸው። ገመዱ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለፈና እዚያ 45 ዲግሪ ከደረሰ፣ የፒቪሲ ገመድ አቅም በ0.79 ይባዛል፤ ጭነት ያለበት ሌላ መስመር በዚያው ቱቦ ውስጥ አብሮት ካለ በ0.80 እንደገና ይባዛል። በዚህ ስሌት 76 አምፔር ይችል የነበረው ባለ 16 ወደ 48 አምፔር ይወርዳል፤ የእርስዎንም 50 አምፔር አይችልም ማለት ነው። እኔ ባየኋቸው ሥራዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ማስተካከያ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 10 ተብሎ የተሸጠልኝ ገመድ ከሌላው ባለ 10 ይልቅ ቀጭን ሆነብኝ። ላዩ ላይ ኤ ደብልዩ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉበት። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ የግድ ተታልለዋል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ የተጻፈው በሌላ መለኪያ ነው። ያ የአሜሪካ የሽቦ መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። በዚህ መለኪያ ቁጥር 10 ማለት 5.26 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ባለ 10 ካሬ መስሎዎት ከዘረጉት የሚያገኙት መዳብ ካሰቡት ግማሽ ያህል ይሆናል። ስሕተቱ በሌላው አቅጣጫ ሲሆን አደጋ የለውም፤ በዚያው መለኪያ ቁጥር 6 የሆነው 13.3 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ ከባለ 6 ካሬ እጅግ ይወፍራል። በሁለቱ መካከል የሚለየው የላዩ ጽሑፍ ስለሆነ ገመዱ ከመቆረጡ በፊት ጽሑፉን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ከመዳብ ይልቅ አሉሚኒየም መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ ለዋናው መስመር ይቻላል፤ ለሶኬትና ለመብራት ግን አልመክርም። አሉሚኒየም የሚያስተላልፈው የመዳብን 61 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ተቃውሞውን እኩል ለማድረግ ውፍረቱ 1.6 ጊዜ መሆን አለበት፤ በባለ 16 መዳብ ፋንታ ባለ 25 አሉሚኒየም ማለት ነው። ችግሩ ያለው ከገመዱ ይልቅ ከመጋጠሚያው ላይ ነው። የአሉሚኒየም ገጽ ቶሎ ፍሰት በማያሳልፍ ዝገት ይሸፈናል፤ በብሎን ሲጠበቅም እየላላ ይሄዳል፤ እርጥበት ባለበት ከመዳብ ጋር በቀጥታ ሲነካካ ደግሞ ይበላል። ለሁለቱ ማዕድናት የተሠራ መጋጠሚያ መጠቀም፣ ጫፉን ማጽዳትና ለዚሁ የተዘጋጀውን ቅባት መቀባት፣ ብሎኑንም አምራቹ በወሰነው ልክ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዋናውን መስመር ሳሳድግ የመሬት መስመሩም ይቀየራል?

መልስ፦ አዎን፣ ከአዲሱ ፌዝ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ቤት ከሚያመጣው ሽቦ ጋር መመዛዘን አለበት። በተመሳሳይ ማዕድን ሲሠራ ፌዙ እስከ 16 ካሬ ድረስ ከሆነ የመሬት መስመሩ እኩል ይሆናል፤ ፌዙ ከ16 በልጦ እስከ 35 ሲደርስ 16 ይበቃል። ባለ 25 ለሚዘረጉት አድማጫችን 16 ማለት ነው። ከአሮጌው ዝርጋታ የቀረ ባለ 4 የመሬት መስመር ካለ እንዲቀር አይፍቀዱ፤ ፌዙ ከብረት ሳጥን ጋር በተነካካ ጊዜ ብሬከሩ እስኪወርድ ድረስ ከፍተኛውን ፍሰት የሚሸከመው እርሱ ነው።