የመጨረሻውን አውት ለሚያመጡት፦ የዓመታዊው የቤዝቦል ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ላሰናዱ፣ ቡናውን ላፈሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የልጆቹ ሥልጠና አልተቋረጠም፤ በዚህ እኮራለሁ። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ።

ዓመቱን ሙሉ ወዳከራከረን ጉዳይ ልግባ። በየዓመቱ በድምፃችን ከምንመርጣቸው የቤዝቦል ተሸላሚዎች መካከል ለሪሊቨር፣ ማለትም ጨዋታውን የጀመረውን ወርዋሪ ተክቶ ለሚገባው ወርዋሪ፣ ራሱን የቻለ ሽልማት ይኑር ወይስ አይኑር? አይኑር የምትሉት «ሳይ ያንግ እኮ የወርዋሪ ሁሉ ሽልማት ነው» ትላላችሁ። በደንቡ ልክ ናችሁ። ነገር ግን ይህ የአሜሪካ ታላቁ ሊግ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት በ1956 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከተጀመረ ወዲህ ያገኙት ሪሊቨሮች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ኤሪክ ጋኜ ነው፤ በ2003፣ 55 የሴቭ (መሪነትን ጠብቆ ጨዋታውን የመዝጋት) ዕድል አግኝቶ 55ቱንም አሳካ። በ2016 ዛክ ብሪተን 47ን ከ47 አሳክቶ፣ ኢአርኤው (በዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች፣ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ) 0.54 ሆኖ፣ አራተኛ ወጣ። የወረወረው 67 ኢኒንግ ነዋ! 200 ኢኒንግ ከሚወረውር ስታርተር (ጨዋታ ጀማሪ ወርዋሪ) ጋር እንዴት ይመዘናል? ሪሊቨሩ ማሪያኖ ሪቬራ እንኳ 652 ሴቭ ይዞ አንድም ሳይ ያንግ የለውም።

ስለዚህ ለሪሊቨሮች የራሳቸው ሽልማት ይገባቸዋል ባይ ነኝ። «ሴቭ ላበዛ እንስጥ» ከሚለው ወገን ግን አይደለሁም።

ሰባተኛው ኢኒንግ ነው እንበል። ቡድኑ በአንድ ነጥብ ይመራል፤ አንድ አውት (ሦስት ሲሞላ የመቺዎቹ ተራ ያበቃል)፣ ሦስቱም ቤዝ በተጋጣሚ ሯጮች ሙሉ። ሪሊቨሩ ገብቶ ዝቅ ያለ ሲንከር (ወደ ታች የምትጠልቅ ኳስ) ይወረውራል። ኳሷ ተመትታ መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ወደሚቆመው ተከላካይ)፣ ከዚያ ሁለተኛ ቤዝ፣ ከዚያ አንደኛ፤ ዳብል ፕሌይ፣ በአንድ ኳስ ሁለት አውት። ጨዋታው የዳነው እዚያ ጋ ነው፤ የሚጻፍለት ግን ሆልድ (መሪነቱን ጠብቆ ለተከታዩ ላስረከበ ወርዋሪ የሚሰጥ) ነው። በዘጠነኛው ክሎዘሩ (ጨዋታ ዘጊው ሪሊቨር) ቡድኑ በሦስት ነጥብ እየመራ፣ ቤዙ ባዶ ሆኖ ይገባል። ሁለት ነጥብ ቢገባበትም ከጨረሰ ሴቩ የእሱ ነው። ኢአርኤም አያድነንም፤ ሪሊቨሩ ቤዝ ላይ ያገኛቸውን ሦስቱን ቢያስገባ ነጥቡ የሚቆጠረው በቀድሞው ወርዋሪ ላይ ነው።

የራሳችንን የዋሽንግተን ቡድን፣ ናሽናልስን አስታውሱ። በ2019 የዓለም ሲሪስ (የሊጉ የዋንጫ ፍልሚያ) ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሂዩስተን ላይ፣ በወትሮው ስታርተር የሆነው ፓትሪክ ኮርቢን ከቡልፔን (ሪሊቨሮች ከሚጠብቁበት ስፍራ) ወጥቶ ሦስት ኢኒንግ ነጥብ ሳያስገባ ወረወረ። ዳንኤል ሃድሰን የመጨረሻውን መቺ በስትራይክአውት (በሦስት ስትራይክ) አስወጥቶ ዘጋ። 6 ለ 2 ስለነበር፣ የዋንጫዋን አውት ያመጣው ሰው ሴቭ አልተጻፈለትም። ቡድኑ በአራት ነጥብ እየመራ ገብቶ አንድ ኢኒንግ ለወረወረ፣ ቤዙም ባዶ ከሆነ፣ ሴቭ የለማ።

ስለዚህ ከሴቭ በፊት፣ ቤዝ ላይ ካገኛቸው ስንቱን እዚያው እንዳስቀረ፣ በስንት ለስንት እንደገባ፣ ከሦስት አውት በላይ ስንት ጊዜ እንዳመጣ እንይ።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። በዚህ ክርክር የተኮራረፋችሁ አላችሁ። ስንደውል «እናንተ ወስኑና ንገሩን» ብላችሁ ዛሬም ያልመጣችሁ አላችሁ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ድምፅ ከሰጠው ያልሰጠው በዝቶ የተመረጠን ሽልማት ማን ያከብረዋል? አጠገባችሁ ያለው ባዶ ወንበር የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በዕረፍቱ ደውሉለት። የምርጫው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሳጥኑ ከምሳ በኋላ ይዘጋል።